ማበጠሪያው ቅርስ የሆነ ጊዜ

አምቦ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁበት ቢሮ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ያሠራው የአርማታ ሕንፃ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን የሲሚንቶ ክንፎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ፀሐይ እንዳይገባ ተብለው የተሠሩ ናቸው። እውነትም ፀሐይ አይገባም። ጥቅምት ላይ መንገደኛው ጃኬቱን አውልቆ በእጁ ይዞ ሲሄድ እኛ ውስጥ ጋቢ ደርበን ማህተም እንመታ ነበር። የከተማው ሰው በክንፎቹ ምክንያት ሕንፃውን «ማበጠሪያው» ይለዋል። ከገጠር ለጉዳይ የሚመጣው ደግሞ በኦሮምኛ «ፊላ» ይለዋል፤ ያው ማበጠሪያ ማለት ነው። ለባጃጅ ሾፌር የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ስም ብትነግሩት ግራ ይገባዋል። ፊላ ካላችሁት ግን በሩ ላይ ያደርሳችኋል።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከጊንጪ ተነስቼ ስመደብ መዝገብ ቤቱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ልክ ከጣሪያው ሥር አገኘሁት። ወረቀት ከባድ ነገር ስለሆነ ጤነኛ ሰው ምድር ቤት ነው የሚያስቀምጠው። ምድር ቤቱ ግን ለስብሰባ አዳራሽ ተፈልጎ ነበርና ፋይሉ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከኢንጪኒም ሆነ ከጉደር ማዶ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ፋይሉን ለማየት ሦስት ፎቅ ይወጣል። ስብሰባ የሚገባው ኃላፊ ግን አንድም ደረጃ አይረግጥም።

ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ እንደተቀደደ ስልቻ በሚያፈስበት አገር መሐንዲሱ ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ። ጣሪያው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ተኝቶ ተኝቶ ሲሰለቸው ወደ እኔ ይወርዳል። በተለይ አንዷ ጥግ፣ በስተምዕራብ ያለችው፣ ክረምት ከገባ ጀምሮ እስኪወጣ ያለማቋረጥ ታንጠባጥባለች። ከሥሯ ባልዲ አስቀምጬ ነበር።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራር በየመሥሪያ ቤቱ የገባው በዚያ ሰሞን ነው። አንድ አሠልጣኝ መጥቶ ሦስት ቀን አስተማረን። ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጠፍን፤ የወረቀት መብሻው የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር በፕላስተር ተከበበ። ከዚያ ፋይሎችን በሦስት እንድከፍል ታዘዝኩ፤ ሁልጊዜ የሚፈለግ፣ አልፎ አልፎ የሚፈለግ፣ ብዙም የማይፈለግ። እኔም አሰብኩና ከፈልኩ። የኃላፊዎችና የሠራተኞች የግል ማህደር፣ የደረጃ ዕድገት፣ ከላይ የመጣ ደብዳቤ፣ እነዚህ ሁልጊዜ ይፈለጋሉ። የገበሬው የይዞታ ፋይል ግን ባለቤቱ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ስለዚህ ብዙም የማይፈለግ ሆነ። ብዙም የማይፈለገውን የት ላድርገው? ባዶ የነበረችው ጥግ አንድ ብቻ ናት፣ ባልዲው ያለባት። እዚያ ደረደርኩትና ላስቲክ አለበስኩት። ጥጓ እንደምታፈስ አላውቅም ነበር ብዬ ማንንም አላታልልም። በዚያው ዓመት የእኔ ክፍል በካይዘን አንደኛ ወጣ። በሩ ላይ አረንጓዴ ባንዲራ ተሰቀለልን፤ እኔም ባንዲራው ሥር ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መስታወት የሚወዱ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ለስብሰባ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር ያዩትን ሕንፃ ሁሉ ይዘረዝሩልናል። «ከላይ እስከ ታች መስታወት! ደመናው ራሱ ይታይበታል!» ይላሉ። የእኛን ሕንፃ እንደ ግል ስድብ ነበር የሚያዩት።

«ይሄ ሲሚንቶ እኮ ፊታችንን አጠቆረው» ይሉ ነበር። «ባለሀብት መጥቶ ቢያየን ምን ይለናል?»

አንድ ቀን በኮምፒውተር የተሠራ ትልቅ ሥዕል አምጥተው መግቢያው ላይ ሰቀሉ። ማበጠሪያው ነው፣ ግን ክንፎቹ ጠፍተው በሰማያዊ መስታወት ተሸፍኗል። ከፊቱ ዘንባባ ተተክሏል። በዘንባባው መካከል ቦርሳ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ይሄዳሉ፤ አንዷ ፈረንጅ ውሻ ትጎትታለች። ባጃጅ የለም፣ ባለጉዳይ የለም፣ ጋቢ የደረበ ሰው የለም። ባለጉዳዮቻችን ሥዕሉ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ያዩት ነበር። ማንም ራሱን ሊያገኝ አልቻለም።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ዕቅዱ ውስጥ አዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረበታ! ለፈረንጆቹም ለውሻዋም ግድ አልነበረኝም።

መስታወቱ ሳይመጣ አንዲት አስተማሪ መጣች። ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው፤ ሥነ ሕንፃ የምታስተምር፣ ቀጠን ያለች፣ ትሁት ልጅ ናት። ተማሪዎቿን ይዛ ከፎቅ ወደ ፎቅ ስትዞር እንደ ተሳላሚ ነበር የምትራመደው። የደረጃውን መደገፊያ በእጇ ዳሰሰች። ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። መዝገብ ቤት ስትገባ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና አፏን ከፈተች።

«ይሄ ሁሉ ኦሪጅናል ነው?» አለችኝ።

«እኔ ስመጣ እዚሁ ነበር» አልኳት።

«አይገርምዎትም? ይሄ ሐቀኛ ሕንፃ ነው። ከምን እንደተሠራ አይደብቅም።»

«ዝናቡንም አይደብቅም» ብዬ ባልዲውን አሳየኋት።

ሳቀች። ከዚያ ተንበርክካ ባልዲውንም ፎቶ አነሳችው። ክፋት አልነበራትም፤ ከልቧ ነው ሕንፃውን የወደደችው። የምትወደው ነገር ሥር ተቀምጦ መሥራት ምን እንደሚመስል ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ከወራት በኋላ ከቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ምንም ነገር ሊፈርስበት፣ ሊጨመርበት፣ ሊቀየርበት አይችልም ይላል። ደብዳቤውን ገቢ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቁጥር ሰጥቼ ለኃላፊው ሳስገባላቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መስታወቱን ሥዕል ከግድግዳ ያወረዱት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። በሳምንቱ ሠራተኛውን ሰበሰቡና ንግግር አደረጉ።

«እኔ ይህን ሕንፃ ገና ስመጣ ጀምሮ በተለየ ዓይን ነው የማየው» አሉ። ሐሰት አልነበረም፤ በተለየ ዓይን ነበር የሚያዩት። «አንዳንድ ሰዎች ግን ዋጋውን አልተረዱም። መስታወት መስታወት የሚሉ ሰዎች አሉ።»

ዞር ዞር ብለን ተያየን። እነዚያን ሰዎች እኛም ልናውቃቸው ፈልገን ነበር።

የቅርስነቱ ሰሌዳ የሚሰቀልበት ቀን ድንኳን ተጣለ፤ እንግዶች ሁለት ሰዓት አርፍደው መጡ። ሰሌዳው እብነ በረድ ነው፤ በሦስት ቋንቋ ተጽፎበታል። በአንደኛው የሲሚንቶ ክንፍ ላይ እንዲሰቀል ተወሰነ። አንድ ሠራተኛ በመሰርሰሪያ ሦስተኛውን ቀዳዳ ሲበሳ ከክንፉ ላይ የዳቦ ያህል ቁራጭ ተገንጥሎ እንግዶቹ እግር ሥር ወደቀ። ኃላፊያችን ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እኛም አጨበጨብን። ሕንፃው ያን ሁሉ ዓመት ቆሞ አካሉን ያጣው የሚጠብቀው ሰው ባገኘ ቀን ነው።

መጋረጃው ሲገለጥ አማርኛውን አነበብኩ። «ይህ ሕንፃ የሕዝብ ቅርጽ ነው» ይላል። ሥራዬ ፊደል ስለሆነ ዓይኔ አያልፈውም። ወደ ኃላፊው ጠጋ ብዬ፣

«ጌታዬ፣ ቅርስ ለማለት ቅርጽ ብለውታል» አልኳቸው።

«ዝም በይ» አሉኝ በጥርሳቸው መካከል፣ ፈገግታቸውን ለካሜራው እንዳዘጋጁ። «አሁን እኮ ተሰቅሏል። የተሰቀለ ነገር ደግሞ ያለ ፈቃድ አይነካም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቅርስ ነው» የሚለው ቃል ለሁሉም ነገር መልስ ሆነ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ተበላሸ፤ ቅርስ ነው። የሁለተኛው ፎቅ መስኮት መስታወት ተሰብሮ ንፋስ ያስገባል፤ ቅርስ ነው፣ የሚተካው ዓይነት መስታወት ከየት ይመጣል? ባለጉዳይ ለምን ይንገላታል ሲባል እንኳ አሳንሰር አይገባም፣ ቅርስ ነው ይባል ነበር፤ ፋይሉን ወደ ምድር ቤት ማውረድ የማንንም ፈቃድ እንደማይጠይቅ ማንም አላነሳም። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ቀን፣ ጡረታቸው አልፎ ወንበራቸውን ያለቀቁ አንድ የቡድን መሪ ሲያልፉ አይታ፣ «እሳቸውስ አብረው ተመዝግበው ይሆን?» አለችኝ። እስኪያመን ድረስ ሳቅን።

እኔ ስለ ጣሪያው ለቅርስ ጥበቃው ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ «ጥያቄው በኮሚቴ ይታያል» የሚል ነበር። ኮሚቴው ጥር ላይ መጣ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይዘዋል። ጥር እንግዲህ ታውቁታላችሁ፣ ሰማዩ እንደ ተወለወለ ሰማያዊ ሳህን ነው። ወደ ጥጓ ወስጄ ቀና በሉ አልኳቸው። ቀና አሉ።

«ውሃው የታለ?» አለኝ አንደኛው።

«አሁን እኮ በጋ ነው።»

«እሱማ ነው። ግን እኛ የምንጽፈው ያየነውን ነው።»

«ሐምሌ ላይ ለምን አትመጡም?»

አምስቱም ተያዩ። «ሐምሌ?» አለኝ ሌላው፣ እንደ ማዘን ብሎ። «በዝናብ እንዴት ይሆናል?»

ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ «በተደረገው የመስክ ምልከታ ምንም ፍሳሽ አልታየም» ይላል። በሚቀጥለውም ዓመት መጡ፤ ጥር ላይ። እንደገና ምንም ፍሳሽ አልታየም። እኔም ሁለቱን ቃለ ጉባኤዎች «ሁልጊዜ የሚፈለግ» ከሚለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ ያ ሐምሌ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሻይ ጠጥቼ ገና መመለሴ ነው። ዝናቡ መስኮቱን ደብድቦ ደብድቦ በረዶ ሆነ። ጥጓ እንደ ልማዷ ማንጠባጠብ ትታ በአንዴ ለቀቀችው፤ እንደ ቧንቧ ወረደ። ላስቲኩ በዕድሜ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበርና ውሃው ቀጥታ ገባ። ቀጥሎ መሐል ጣሪያው ላይ አዲስ ስንጥቅ ተከፍቶ ወደ ሠራተኞች ማህደር መደርደሪያ መንጠባጠብ ጀመረ። በክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ።

መጀመሪያ ያነሳሁት የራሴን ማህደር ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አሁን ልጻፈው። የቅጥሬ ደብዳቤ፣ ዲፕሎማዬ፣ የደረጃ ዕድገት ጥያቄዬ አለበት። ቀጥዬ የኃላፊውን አነሳሁ። ከዚያ የሌሎቹን ሠራተኞች፣ በደረጃቸው ቅደም ተከተል። ያን ሁሉ አግዤ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ወደ ጥጓ ስዞር ብዙም የማይፈለጉት ፋይሎች አብጠው መደርደሪያውን ሞልተውት ነበር። አንዱን ስስብ ሽፋኑ ብቻ በእጄ ቀረ።

የቻልኩትን አውጥቼ ለሳምንታት በየወንበሩ ላይ አሰጣሁት። የደረቀው ደረቀ፤ ብዙው ግን ቀለሙ ታጥቦ፣ ወረቀቱ ተጣብቆ፣ እንደ ገንፎ ሆነ። ለኃላፊው ሪፖርት አደረግኩ። «በሚቀጥለው የኮሚቴ ጉብኝት ይነሳል» አሉኝ።

ሽማግሌው የመጡት መስከረም ላይ ነው። ከተማው ጫፍ ላይ የሚኖሩ፣ በአክብሮት ኦቦ የምላቸው ገበሬ ናቸው፤ እርሻቸው ወደ ከተማ ክልል ገብቶ የይዞታ ማረጋገጫ አምጡ ተብለዋል። ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው በሩን ተደግፈው ቆሙ። ወንበር ሰጠኋቸው። ስማቸውን ነግረውኝ መዝገቡን ሳይ ፋይላቸው ከዚያች ጥግ ነበር። ቆይ ልፈልግ ብዬ መዋሸት እችል ነበር፤ ስንቱን በዚያ መንገድ ሸኝቼ ነበር። የሳቸውን ግን ትንፋሻቸውን እየሰማሁ አልቻልኩም። የተጣበቀውን ክምር አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ኦቦ፣ ይኸው ይሄ ነው። ዝናብ አበላሽቶታል» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ክምሩን በጣታቸው ነካ አድርገው ቀና አሉና ጣሪያውን አዩ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ቤት የት ነው የሚያፈሰው? በዚህ በኩል?»

«አዎ፣ እዚያች ጥግ።»

«መውረጃውን ማን ደፈነው?»

«የቱን መውረጃ?»

ሽማግሌው ጎልማሳ ሳይሆኑ በፊት በዚህ ሕንፃ ላይ በቀን ሥራ አርማታ ተሸክመዋል። ሁለት ሆነው በባሬላ እየተሸከሙ፣ በእንጨት መሰላል ወደ ላይ ያወጡ ነበር። ያ ፈረንጅ መሐንዲስ ዝናቡን ጨርሶ የረሳ ሰው እንዳልነበረ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣሪያው ወደ ምዕራብ ጥግ በትንሹ ያዘነበለ ነው። ጥጓ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ቱቦ ተነስቶ በምሰሶው ውስጥ አልፎ እስከ መሬት ይወርዳል። «እኔ ራሴ ቱቦውን ይዤ ነው አርማታው የተሞላው» አሉኝ። «ውሃው ካልወረደ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው። ሌላ ምንም የለውም።»

ያን ሁሉ ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ፣ ኮሚቴው ቀና ሲል፣ አንዳችንም ጣሪያው ላይ ወጥተን አላየንም።

ቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጠርን። ዘበኛው የሽማግሌው የጎረቤት ልጅ አማች ሆኖ ተገኘና የጣሪያውን በር ከፈተልን። ወጣን። ጣሪያው ላይ የቁርጭምጭሚት ያህል ውሃ ተኝቷል፤ ቅጠል፣ የወፍ ላባ፣ አንድ እግር ጫማ ይንሳፈፍበታል። ጥጓ ላይ፣ ቀዳዳው መሆን ባለበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ የሲሚንቶ ክምር አለ፤ በላዩ ላይ የዛገ ዲሽ ተተክሏል። ዘበኛው ታሪኩን ያውቅ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት የነበሩ አንድ ኃላፊ ቢሮ ቁጭ ብለው የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ፈልገው ዲሽ አስተከሉ፤ ተካዩም ዲሹን ለማጽናት የተመቸችውን ጥግ መርጦ ቀዳዳዋን በሲሚንቶ ሞላት። የገበሬው ፋይል ገንፎ የሆነው በአንድ ሰው የኳስ ፍቅር ነው።

«ያለ ፈቃድ መንካት ግን አይቻልም» አልኩ። አፌ ለምዶት ነው።

ሽማግሌው ከከረጢታቸው መሮና መዶሻ እያወጡ ነበር። «ምኑን?» አሉኝ።

«ቅርስ ነው።»

«ዲሹ?»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ ፍርስራሹን አነሳለሁ፣ ዘበኛው ዲሹን ይዞ ይነቀንቃል። ሲደክማቸው መዶሻውን ተቀበልኳቸው፤ ሁለት ጊዜ መትቼ ሦስተኛውን አውራ ጣቴን አገኘሁት። ስጮህ ሽማግሌው ሳቁና መዶሻውን መልሰው ወሰዱት። ረፋዱ ላይ የመጨረሻው ቁራጭ ተነቀለ። ውሃው መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቅጠሉን ሁሉ እየጎተተ ወደ ጥጓ መዞር ጀመረ።

ሽማግሌው ወደ ታች እንውረድ አሉ። ምድር ቤት ወርደው የአዳራሹን የጥግ ምሰሶ በመዳፋቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን ለጠፉበት። እኔም ከወዲህ በኩል ለጠፍኩ። ውስጡ ውሃ ይጮኻል።

«ጋሪዳ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። እንዲያ ደስ ብሎኝ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቆሜ አላውቅም።

ደስታዬ እስከ ረቡዕ ቆየ። ረቡዕ ኃላፊው አስጠሩኝ። የፈረሰው ሲሚንቶ ፎቶ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ ማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

«ቅርስ አፍርሰሻል» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ የዲሽ መቆሚያ ነው ያፈረስኩት። ጣሪያው እንዳያፈስ።»

«ጣሪያው አያፈስም። ሁለት ቃለ ጉባኤ አለን።»

«ሐምሌ ላይ እኮ እርስዎም ሪፖርት ደርሶዎታል።»

«ዲሹ በምዝገባ ቅጹ ላይ አለ» አሉና ቅጹን ገለጡልኝ። እውነታቸውን ነው፤ «በጣሪያ ላይ የሚገኝ ተጨማሪ አካል» ተብሎ ሰፍሯል። የጻፈው ሰው ዲሹን ከመሐንዲሱ አሳብ ሳይለየው ቀርቶ ይሆናል።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከግልባጩ አንዱ ለመዝገብ ቤት ነው፤ ስለዚህ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ በገዛ እጄ ማህደሬ ውስጥ አሰርኩት። ከዝናብ ያዳንኩት ማህደር የመጀመሪያ እንግዳው ይህ ደብዳቤ ሆነ። የደረጃ ዕድገቴም በዚያው ቀረ።

የሽማግሌውን ፋይል በምትክ ለማውጣት ሦስት የአካባቢ ሽማግሌዎች መስክረው አዲስ ማህደር ተከፈተላቸው። ቅጹ ላይ «ቀድሞ የነበረው ማህደር የታጣበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። «በመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ፍሳሽ ምክንያት» ብዬ ሞላሁና ለፊርማ አስገባሁ። ተመለሰልኝ። ኃላፊው በቀይ ሰርዘውት «በተፈጥሮ አደጋ» ብለውበታል። ገብቼ ተከራከርኩ።

«ምን ልበል ታዲያ?» አሉኝ። «የተጠበቀ ቅርስ ፋይል አበሰበሰ ልበል?»

በመጨረሻ «በመጥፋቱ» በሚለው ተስማማን። ማን አጠፋው የሚል ጥያቄ የማያስነሳ ቃል ነው፤ ጠፋ፣ በቃ፣ እንደ ጉም። የተስማማሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው።

«ጠፋ?» አሉኝ። «አልጠፋም እኮ። አንቺ አሳይተሽኛል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር።»

አንገቴን ደፍቼ ማህተሙን ፈለግሁ፤ ማህተሙ እጄ ላይ ነበር። እሳቸው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አመሰገኑኝ። ምስጋናቸው ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የበለጠ አሳፈረኝ።

ጥር ላይ ኮሚቴው መጣ። ጣሪያው በእርግጥም አያፈስም ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት ነገር እውነት ሆነ። በሪፖርቱ ላይ «ኮሚቴው ባደረገው የቅርብ ክትትል ቅርሱ በጥሩ ይዞታ ላይ ይገኛል» ተባለ፤ ኃላፊያችንም ለቅርስ ጥበቃ ላደረጉት አስተዋጽኦ የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ተሻለ ቦታ ተዛወሩ። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች የሚያብለጨልጭ መስታወት ነው አሉ፤ በጋ ላይ ውስጡ ስለሚያቃጥል መጋረጃ ዘግተው፣ መብራት አብርተው ነው የሚሠሩት።

በቦታቸው ተጠባባቂ ተመደበ። የቀረበለትን ሁሉ ሳያነብ የሚፈርም፣ ሰውን የማያስቀይም ሰው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው እንደገና መጡ። ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሁለት ሴትና አራት ወንድ ከኋላቸው ቆመዋል።

«የኔ ወጣ» አሉኝ። «የነዚህም እዚያ ጥግ ነበር። ታይላቸዋለሽ ብዬ አመጣኋቸው።»

«ሁላችሁም ናችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሌሎቹ ደረጃው ላይ ናቸው። አረፍ እያሉ ነው የሚወጡት።»

ወጥቼ ወደ ታች አየሁ። ሰው ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት መደገፊያውን ይዞ ቆሟል፤ አንዳንዱ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጠዋቱን የስብሰባ አዳራሹ ባዶ ነበር። ማንንም ሳላስፈቅድ ዘበኛውን ቁልፉን ለመንኩት። ቅጾቼን ይዤ ወረድኩ፣ ትልቁ የስብሰባ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰዎቹንም ወደ ታች ጠራኋቸው። የኃላፊውን ባለ ቆዳ ወንበር አንዲት አሮጊት ያዙት።

የመጀመሪያዋ ሴት ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ የመሬቷን አዋሳኝ ጻፍኩ። ያ ምክንያት የሚጠይቅ መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ «ዝናብ በገባ ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አስቀድማ የራሷንና የኃላፊዎችን ማህደር በማንሳቷ።» በሁሉም ላይ ያንኑ ጻፍኩ። እጄ እስኪዝል ድረስ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ጻፍኩ።

ተጠባባቂው ሁሉንም ፈረመ። አንዱንም አላነበበም።